ለእናታችን አዲሱን የአልዛይመር መድኃኒት ፍለጋ ቤት እንሽጥ ወይስ እንተው?

የሐይቋ ልጅ፦

ሰላም ወገኖቼ። ጽሑፌ ረዘም ይላል። አንብባችሁ እንድትመክሩኝ እለምናለሁ።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ሐይቅ ነው። ነገሩን መጀመሪያ ያየሁት ቡና ላይ ነው። እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ሳትጠራ የዋለችበት ቀን የለም። አንድ ቀን ቡናውን ምጣድ ላይ አድርጋ ጓሮ ወጣች፣ እዚያው ቀረች። ስደርስ ቤቱ ጭስ በጭስ ሆኗል። ማንም ይረሳል ብዬ አለፍኩት። ቆይቶ ደግሞ አቦሉን ቀድታ ስታበቃ ጀበናውን አጥባ አስቀመጠችው። ጎረቤቶቻችን ቶናውን እየጠበቁ ተቀምጠዋል። እሷ ግን ቡናው ያለቀ መስሏታል። የዚያን ቀን ሆዴ ፈራ።

ይሄ ከሆነ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" ትለኛለች። ማታ ማታ "ቤቴ ልሂድ" ብላ ትነሳለች። ቤቴ የምትለው የተወለደችበትን አምባሰልን ነው። ከዚያ ከወጣች 50 ዓመት አልፏታል። የሚገርመኝ ግን የበረካውን ዱአ አንድ ቃል ሳትስት ታደርሳለች።

ሰፈሩ "ጃጅታለች" ይላል። ዘመድ ደግሞ በ2014ቱ ጦርነት በእግራችን ስንሰደድ የደነገጠችው ነው ይላል። አንድ ክሊኒክ ወስጃት ነበር። እሷን በቅጡ ሳያናግሯት "እርጅና ነው፣ ምንም አይደረግለትም" ብለው ቫይታሚን ጽፈው ሰደዱን።

አሁን አሜሪካ ያለው ወንድምጋሼ አዲስ መድኃኒት ወጥቷል አለኝ። ሌካኔማብ ይባላል፣ አልዛይመር ለሚባለው የመርሳት በሽታ ነው። አባታችን የተወልንን ቤት ሸጠን፣ እሱም ተበድሮ፣ ወስዶ ሊያሳክማት ነው። እምቢ ማለት ከበደኝ። እሺ ማለትም ፈራሁ። እውነት ይሄ መድኃኒት ያድናል? የምታውቁ ንገሩኝ።

የባቲ ሰው፦

አብሽሪ እህቴ። አላህ አፊያዋን ይመልስላት። ስለ መድኃኒቱ አላውቅም። ቤቱን ግን አጣርታችሁ ሳትጨርሱ አትሽጡ። ቤት አንዴ ከወጣ አይመለስም።

ፋርማሲስት ከደሴ፦

እህቴ፣ ደሴ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። አያቴ በዚሁ በሽታ ስላለፈች ነገሩን ለዓመታት ስከታተለው ኖሬአለሁ። የማውቀውን ልጻፍልሽ።

መልሱን አላቆይብሽም። አያድንም። እስከ ዛሬ አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት በዓለም ላይ የለም። ሌካኔማብ በሽታው የሚሄድበትን ፍጥነት በጥቂቱ ይቀንሳል። እሱም ገና በጅምር ላይ ላሉ ሰዎች ብቻ ነው። የማን ልጅ ነሽ የምትል እናት፣ እንደ ጻፍሽው ከሆነ፣ ያንን ደረጃ አልፋለች። ይሄን ስጽፍልሽ ደስ ብሎኝ አይደለም።

ለምን እንዲህ ከባድ ሆነ ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። እኔም አያቴን ሳስታምም ቀን ተሌት የጠየቅሁት እሱኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1901 (ከዚህ በታች የምጠራው ዓመት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) አሎይስ አልዛይመር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ፍራንክፈርት ውስጥ አውጉስተ የምትባል የ51 ዓመት ሴት መረመረ። ስሟን እንኳ ጽፋ መጨረስ ያቅታት ነበር። በ1906 ስታርፍ አንጎሏን በማይክሮስኮፕ አየው። ሁለት ነገር አገኘ። በሴሎቹ መካከል የተጋገረ ቆሻሻ ነበር፤ ዛሬ አሚሎይድ የምንለው ፕሮቲን ነው። በሴሎቹ ውስጥ ደግሞ የተተበተበ ክር ነበር፤ ያ ታው የሚባለው ነው። እንግዲህ ሁለቱም ከታወቁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። መድኃኒት ግን አልመጣም።

መጀመሪያ የመጡት መድኃኒቶች በሽታውን አይነኩም። ዶኔፔዚል በ1996፣ ሪቫስቲግሚን በ2000፣ ጋላንታሚን በ2001 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ። ሥራቸው አሴቲልኮሊን የሚባለው የአንጎል መልእክተኛ ቶሎ እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። ሴሉ ግን መሞቱን አያቆምም። በሌላ መንገድ የሚሠራው ሜማንቲን በ2003 ተጨመረ። ከዚያ በኋላ ድርቅ ሆነ። ከ2002 እስከ 2012 ድረስ 244 ውህዶች በሰው ላይ ተሞከሩ። ለገበያ የበቃው ያው ሜማንቲን ብቻ ነው። 99.6 በመቶው ከሸፈ ማለት ነው።

አወዳደቃቸውም ያሳዝናል። በአሚሎይድ ላይ ክትባት ሠርተው ነበር፤ ከመቶ ስድስት ያህሉን ታካሚ አንጎሉን ስላቆጣው በ2002 አቆሙት። አሚሎይድ ከምንጩ እንዳይመረት የሚከለክል ሴማጋሴስታት የሚባል ኪኒን መጣ። በ2010 ሙከራው ሲታይ ኪኒኑን የወሰዱት ካልወሰዱት ብሰው ተገኙ። አስቢው እስኪ። አባቱን ወይ እናቱን ለሙከራ የሰጠ ቤተሰብ ምን እንደተሰማው።

ዋናው ችግር ጊዜው ነው። አሚሎይዱ መጋገር የሚጀምረው ሰው መርሳት ከመጀመሩ ከ15 እስከ 20 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ቡናው ያረረ ቀን በሽታው ከገባ ስንት ዓመቱ ነው። ሌላው ችግር አይጥ ነው። አይጥ በተፈጥሮዋ አልዛይመር አይይዛትም። ሰው ሠራሽ በሆነ መንገድ አሳምመው ያድኗታል፤ ሰው ላይ ሲመጣ አይሠራም። አንጎል ደግሞ በደም ሥሮቹ ላይ ጥብቅ አጥር አለው፣ ብዙ መድኃኒት አያሳልፍም። ከሁሉ የገረመኝ ግን ይሄ ነው። በአንዳንዶቹ ትልልቅ ሙከራዎች ከተሳታፊው አንድ አራተኛ ገደማ አንጎሉ ውስጥ አሚሎይድ ጭራሽ አልነበረበትም። አልዛይመር ያልያዘውን ሰው የአልዛይመር መድኃኒት ሲሰጡት ነበር። የዚያን ጊዜ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ማረጋገጫው እንደልብ ስላልነበረ ነው።

ስለ ሌካኔማብ ማታ ስመለስ እቀጥላለሁ። ደንበኛ መጣብኝ።

ጦሳ ሥር፦

ወንድማችን ያልከው ሁሉ ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እነዚህን ኩባንያዎች አላምናቸውም። ውሸት ተገኝቶባቸው የለም ወይ? መድኃኒቱንም ደብቀውታል ይባላል። ጓደኛዬ የላከልኝን ሳነብ አንድ ትልቅ ጥናት ሐሰት ሆኖ ተሰርዟል ይላል። በእንደዚህ ያለ ነገር ላይ ሰው ቤቱን ይሽጥ?

ፋርማሲስት ከደሴ፦

ልክ ነህ፣ ተሰርዟል። ጥናቱ በ2006 ታትሞ የወጣው ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው። ማስረጃ ተብለው የቀረቡት ምስሎች ተነካክተዋል የሚል ጥርጣሬ በ2022 በይፋ ወጣ። በ2024 ጸሐፊዎቹ ራሳቸው መለሱት። ስንት ተመራማሪ እሱን ተከትሎ ዓመታት አባክኗል። እኔም በጣም ነው የተናደድኩት። ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። የተሰረዘው ስለ አንድ ዓይነት አሚሎይድ የተጻፈ ጥናት ነው። አሚሎይድ በሽታው ውስጥ እጁ እንዳለበት ሌላ ብዙ ማስረጃ አለ። በዘር በሚወረሰውና ገና በጎልማሳነት ዕድሜ በሚጀምረው ዓይነት ላይ በግልጽ ታይቷል።

"መድኃኒቱን ደብቀውታል" የሚለውን ግን አልቀበልም። የከሸፉት ሙከራዎች ቢሊዮን ዶላሮች በልተዋል። መድኃኒቱ በእጁ ያለ ኩባንያ ለምን ይከስራል?

በ2021 የሆነውን ግን አልከላከልም። አዱካኑማብ የሚባለውን መድኃኒት የአሜሪካ መንግሥት ሲፈቅድ አማካሪዎቹ ይሠራል ብለው አላመኑበትም ነበር። ተፈቀደና ሦስት አማካሪዎች ሥራቸውን ለቀቁ። የዓመቱ ዋጋ 56,000 ዶላር ነበር። በ2024 ኩባንያው ራሱ ተወው። ከዚህ በኋላ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

የወልዲያው፦

እህቴ እኔ ሌላ ነገር ልንገርሽ። የአባቴ ታሪክ ነው።

አባቴ ደጋ ነው ያደገው። አንገቱ ላይ እንቅርት አለበት፣ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው፣ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። 66 ሲሞላው ይረሳ ጀመር። ይተኛል። በሐምሌም በሚያዝያም ይበርደዋል። ድምፁ ጎረነነ። ሰላምታ ስትሰጪው ቆይቶ ነው የሚመልስልሽ። እኛም "ጃጀ" አልን። ማን መርምሩት ብሎን። አንድ ወጣት ሐኪም ለሌላ ነገር ወስደነው አንገቱን ዳሰሰውና የታይሮይድ ምርመራ አዘዘ። ታይሮይዱ ሥራ ካቆመ ቆይቶ ነበር። በየጠዋቱ አንዲት ትንሽ ኪኒን ተጀመረለት። በስድስት ወር ውስጥ ከከብቶቹ ጋር ተመልሶ ወጣ። ስማችንን ሁሉ ይጠራል።

የእናትሽ እንዲህ ነው አላልኩም። አራት ዓመት እየባሰ የመጣ ነው ብለሻል። ግን ደም ሳትመረመር እርጅና ነው ያሉሽን ሰዎች አትመኚ።

ነርስ ኮምቦልቻ፦

የወልዲያው ወንድሜ እጅህ ይባረክ። እኔም ልጽፍ የነበረው እሱኑ ነው።

እህቴ፣ አሜሪካን ተይውና መጀመሪያ ደሴ ውሰጃት። የታይሮይድ፣ የቫይታሚን ቢ12፣ የስኳር፣ የኩላሊት፣ የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራ ይደረግላት። ቂጥኝ ስልሽ አትደንግጪ፣ ሳይታወቅ ቆይቶ አንጎል ላይ ይወጣል። ወድቃ ታውቃለች? በስደቱ ጊዜ ጭንቅላቷን ተመትታ ከሆነ ሲቲ ስካን ያስፈልጋታል። አንጎል ዙሪያ ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም ልክ የመርሳት በሽታ ይመስላል፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ድብርትም እንደዚሁ ነው። እናንተ ያያችሁትን ያየ ሰው ቢደበት አይገርምም።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም እለምንሻለሁ። የምትወስደውን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ሰብስበሽ ያዥ። ለእንቅልፍ፣ ለአለርጂ፣ ለጉንፋን ተብሎ ከየሱቁ የተገዛውን ሁሉ። ዳይፈንሃይድራሚንና አሚትሪፕቲሊን የመሳሰሉት ያንኑ አሴቲልኮሊን ስለሚዘጉ በዕድሜ የገፋ ሰው ያደናግራሉ። ግን ለብዙ ጊዜ የወሰደችውን በራስሽ በአንድ ቀን አታቁሚባት፣ ሐኪሙ ይወስን።

ጆሮዋንና ዓይኗንም አሳዪ። ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት በ2024 ያወጣው ትልቅ ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉ ልንነካቸው ከምንችላቸው 14 መንስኤዎች ጋር ይያያዛል ይላል። የመስማት ችግር፣ የማየት ችግር፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ብቸኝነት፣ ትምህርት አለማግኘት ሁሉ አሉበት። ለዓይን ከሆነ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርባችሁ ነው። ሞራ ካለባት ተገፍፎላት በደንብ ብታይ ሌሊት የምትደናገረው ሊቀንስላት ይችላል።

የግሸን መንገድ፦

እኅቴ፣ አንቺ ሙስሊም እንደሆንሽ ከጽሑፍሽ ተረዳሁ። እኛ እናታችንን ጸበል ወስደን ነበር። አልተፈወሰችም። ግን ሰው ሰብሰብ ብሎ ስለ እሷ ሲጸልይ እኔ ራሴ ቀለለኝ። በሽታዋን የዛር ነው ሲሉኝ ደብቄያት ኖሬ ነበርና። የአንቺም ሰዎች ዱአ ያድርጉላት። ከሐኪም ግን አትከልክያት። እኛ መድኃኒቱን አስቁመን ነው የወሰድናት፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሐይቋ ልጅ፦

አላህ ይስጥልኝ። እያለቀስኩ ነው የማነበው። ለእንቅልፍ ብዬ የአለርጂ ኪኒን እሰጣት ነበር። ስሙን አላስታውስም፣ ማታ ካርቶኑን አያለሁ። ጥቁር አዝሙድና ጤና አዳምስ? አክስቴ ጥሩ ነው ትላለች።

ፋርማሲስት ከደሴ፦

አይዞሽ፣ አውቀሽ ያደረግሽው አይደለም። የብዙ ሰው ቤት ውስጥ ያለ ነው።

ስለ ዕፅዋት ጥያቄሽን አልንቀውም። ጋላንታሚን መጀመሪያ የወጣው ነጭ አበባ ካላት የአውሮፓ ተክል ነው፣ ቡልጋሪያ ውስጥ በ1950ዎቹ። ሪቫስቲግሚን ደግሞ መነሻው የእኛው አህጉር ነው። ናይጄሪያ ካላባር አካባቢ የሚበቅል መርዘኛ ባቄላ አለ። ጥንት ሰው ጥፋተኛ መሆኑን ለመፈተን ያጠጡት ነበር። ከእሱ ውስጥ የወጣ ንጥረ ነገር ነው ተጠንቶና ተቀይሮ መድኃኒት የሆነው። ስለዚህ ከተክል ይመጣል። የሚመጣው ግን መጠኑ ተለክቶ ነው። ጊንኮ የሚባለውን ቅጠል አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ አዛውንቶች ላይ ለዓመታት ሞክረውት በሽታውን እንደማይከላከል በ2008 ተረጋገጠ። ጥቁር አዝሙዱን ዳቦ ላይ ትብላ። ከዚያ ያለፈ ተስፋ አታድርጊበት።

ወንድምየው፦

እኔ ነኝ አሜሪካ ያለሁት ወንድሟ። እህቴ ማስፈንጠሪያውን ላከችልኝ፣ ሁሉንም አነበብኩት።

እንደ ሞኝ እንዳታዩኝ እለምናለሁ። ከአገር ከወጣሁ 14 ዓመቴ ነው። እናቴን ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ባለፈው ወር በቪዲዮ ስደውል "ይሄ ማነው?" አለች። ስልኩን ዘግቼ መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ። ሥራ አልገባሁም።

ሌካኔማብ በሽታውን 27 በመቶ ያዘገያል ይላል። በ1,795 ሰው ላይ ተሞክሯል፣ በጁላይ 2023 ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል። በ18 ወር ውስጥ አምስት ወር ያህል ማትረፍ ማለት ነው። እናንተ ትንሽ ነው ትላላችሁ። እኔ እናቴ ስሜን ጠርታኝ አምስት ወር ባገኝ ቤት አይደለም ኩላሊቴን እሸጣለሁ። ዶናኔማብ የሚባልም በ2024 ተጨምሯል። ለምን አይሞከርም?

ፋርማሲስት ከደሴ፦

ወንድሜ፣ ሞኝ አይደለህም። አያቴ በታመመችበት ጊዜ ይሄ መድኃኒት ቢኖር እኔም እንደ አንተ አስብ ነበር።

ቁጥሮችህ ልክ ናቸው። አምስት ወርም ትንሽ አይደለም፣ በዚህ እስማማለሁ። ግን አምስት ወሩን ያገኙት እነማን ናቸው? መጠነኛ መርሳት የጀመራቸውና ብዙዎቹ ራሳቸውን ችለው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። መድኃኒቱ የጠፋውን አይመልስም። ያለውን ነው ትንሽ የሚያቆየው። ስምህ ከእናታችን ከጠፋ ሌካኔማብ አያመጣልህም። እዚያ ያለው ሐኪምም ደረጃዋን ካየ በኋላ አይጀምርላትም።

ቢጀምርላት እንኳ ምን እንዳለው ልንገርህ። ዋጋው ሲወጣ በዓመት 26,500 ዶላር ነበር፣ መድኃኒቱ ብቻ። መጀመሪያ ላይ በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል። አሚሎይድ እንዳለባት መረጋገጥ አለበት፣ ብዙ ጊዜ አሚሎይዱን በምስል በሚያሳይ ፔት ስካን ወይም ከጀርባ በሚቀዳ ፈሳሽ። ከዚያም በተደጋጋሚ ኤምአርአይ። ምክንያቱም በሙከራው ከወሰዱት 12.6 በመቶው አንጎላቸው አብጧል፣ 17.3 በመቶው ላይ የደም መፍሰስ ምልክት ታይቷል። አብዛኞቹ ምንም አልተሰማቸውም፣ የሞቱ ግን አሉ። ኤፒኦኢ4 የሚባለውን ጂን ከሁለቱም ወላጅ የወረሱ ሰዎች ላይ አደጋው ይብሳል።

ደግሞ አስበው። ሐይቅ ውስጥ ሆና ቤቷ የጠፋባት ሴት ናት። ቋንቋው የማይገባት፣ ቡና የማይጠራባት አፓርታማ ውስጥ ብትነቃ ምን ትሆናለች?

የሕክምና ተማሪ፣ የላሊበላ ልጅ፦

በዚሁ ላይ አንድ ልጨምር። በሌካኔማቡ ሙከራ ከተሳተፉት ጥቁሮች ከመቶ ሦስት አይሞሉም። እኛ ላይ እንዴት እንደሚሠራ በቂ መረጃ የለም ማለት ነው።

ልዩነት ሊኖር እንደሚችል ምልክት አለ። ኢባዳን ናይጄሪያ ያሉ ዮሩባዎችንና ኢንዲያናፖሊስ ያሉ ጥቁር አሜሪካውያንን ለዓመታት ያነጻጸረ ጥናት በ2001 ወጥቶ ነበር። በአልዛይመር አዲስ የሚያዙት ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ነበሩ። ኤፒኦኢ4 የሚባለው ጂንም ዮሩባዎቹን እንደ ሌላው ሕዝብ አልጎዳቸውም። ለምን? ምግቡ ነው? እንቅስቃሴው? ጂኑ? ይሄን የሚመልስ ሰው የመድኃኒቱን ፍለጋ ወደፊት ይገፋዋል። በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ የመርሳት ሕመምተኛ አለ። ከ60 በመቶ በላዩ የሚኖረው እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው። ፍለጋው ግን የሚካሄደው ሌላ ቦታ ነው። እኔ ኒውሮሎጂ (የአንጎልና የነርቭ ሕክምና) መግባት የምፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ተስፋ የማደርገው የደም ምርመራው ላይ ነው። ደም ውስጥ ያለውን ፒታው217 የሚባል የታው ፕሮቲን ዓይነት የሚለካ ምርመራ በ2025 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ፔት ስካን ወሎ እስኪመጣ ከመጠበቅ ደም ቀድቶ መላክ ይቀላል።

ወንድምየው፦

እሺ። ኩላሊት የሚለውን እናቴ ብትሰማ ትቆጣኝ ነበር። ቤቱ ይቆይ። እህቴ፣ ደሴ ውሰጃት፣ የምርመራውን ብር ነገ እልካለሁ።

የሐይቋ ልጅ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው። ይቅርታ፣ ሩጫ ነበር።

ደሴ ሄድን። ታይሮይዷ ደህና ነው። ሲቲ ስካኑም ደም የለውም፣ አንጎሏ ግን ሳስቷል አሉኝ። ቢ12ቷ ዝቅ ብሎ ስለተገኘ መርፌ ጀምራለች። ሐኪሙ ረዘም ላለ ጊዜ አናገራት፣ እኔንም ጠየቀኝ። አልዛይመር ነው ብሎ እንደሚያምን ነገረኝ። ባልሰማው ብዬ የጸለይኩት ቃል ነበር። ስሙን ካወቅሁ በኋላ ግን እሷን መቆጣት ተውኩ። "ነገርኩሽ እኮ!" እል ነበር በፊት።

ጆሮዋ በኩክ ተደፍኖ ነበር። ጠረጉላት። ስንመለስ ባጃጅ ላይ "ምን ይጮሃል ይሄ?" አለች። ሳቅንም አለቀስንም። የአለርጂውን ኪኒን ሐኪሙ አስቁሞኛል፣ ቀን ላይ የነበራት መፍዘዝ ቀንሷል። ዶኔፔዚል 5 ሚሊግራም ማታ ማታ ጀምራለች። አሁንም የማን ልጅ ነሽ ትለኛለች። "የአንቺ" እላታለሁ፣ "እሰይ" ትላለች።

ወንድምጋሼ በጥር ሊመጣ ቲኬት ቆርጧል።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ኪኒኑን ከጀመረች ወዲህ በሕልሟ ትጮሃለች። ሌሊትም በሩን ከፍታ መውጣቷ አልቆመም። ባለፈው ዓርብ አስፋልቱ ድረስ ደርሳ ሰው መለሰልኝ።

ፋርማሲስት ከደሴ፦

ሕልሙ ከዶኔፔዚሉ ሊሆን ይችላል፣ የታወቀ ነው። ሐኪሙን ደውለሽ ወደ ጠዋት ላዙረው ወይ ብለሽ ጠይቂው፣ ብዙ ጊዜ ይፈቅዳሉ። የልብ ምቷንም ያስለካ፣ መድኃኒቱ ምት ያዘገያል። የምግብ ፍላጎቷ ከጠፋ ወይም ተቅማጥ ከያዛት አትቆዪ። መጠኑን ወደ 10 የሚያሳድገው ከአንድ ወር በኋላ ነው፣ በራስሽ አትጨምሪ።

ነርስ ኮምቦልቻ፦

ለበሩ፣ ሁለተኛ መቀርቀሪያ ከታች፣ እግር አካባቢ አስመቺ። ሁልጊዜ የምትፈልገው እጇ በለመደው ቦታ ነው፣ ዝቅ ብላ አታይም። ከበሩ ፊት እንደ ግድግዳው ቀለም ያለ መጋረጃ ብትሰቅዪም ይረዳል። ብቻዋን ቆልፈሽባት ግን እንዳትወጪ፣ እሳት ቢነሳ መክፈት አትችልም። የቀሚሷ አንገት ላይ ወይም ነጠላዋ ጫፍ ላይ ስልክ ቁጥርሽን ስፊላት። የሰፈሩን ባጃጅ ሹፌሮችም ንገሪያቸው፣ ያውቋታል። "ቤቴ ልሂድ" ስትል አትከራከሪያት። "እሺ እንሂድ፣ ቡና ጠጥተን" በያት።

የሐይቋ ልጅ፦

ቡናውን ትናንት ሞከርኩት፣ ተቀመጠች። አናጢው ነገ ጠዋት ይመጣል።